ከሐይቁ የቀዳሁት ውሃ

ትናንት ሐይቅ ከተማ ከባጃጅ ወርጄ ሳሙና ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ "የትኛውን ልስጥህ?" አለችኝ። መደርደሪያው ሙሉ ነበር።

ጦርነቱ የደሴን መንገድ በዘጋብን በዚያ ኅዳር፣ ጤፉ ማሳ ላይ ቢጫ ሆኖ አጫጅ ሲጠብቅ፣ በከተማው ሳሙና የሚባል ጠፋ። አዋላጇ ዘሃራ እጇን በሎሚ እየታጠበች ነበር የምታዋልደው። ስለዚህ የኬሚስትሪ አስተማሪያችን መምህር ሰይድ ከሞራና ከአመድ በግቢያቸው ሳሙና ሊሠሩ ተነሡ። ሞራውን ጎረቤት አዋጣ፤ ለሦስት ድስት ብቻ የሚበቃ ነበር። የእኔ ሥራ ውሃ ማምጣት ሆነ፤ ያውም ከዳገቱ ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ የዝናብ ውሃ በርሜል።

"የሐይቁ ውሃ ማዕድን ይበዛበታል፤ ለሳሙና አይሆንም" ብለውኝ ነበር።

ያኔ ግጥም እጽፋለሁ፤ የምጽፈውም ስለ ሐይቁ ነው። ከእሱ የሚበልጥ ውሃ አለ ብሎ ማን ያሳምነኛል? ጄሪካኑን ከዳርቻው ሞላሁና ሾላው ሥር ተቀምጬ ስንኝ ስቋጥር ቆየሁ፤ ዳገት ወጥቶ የተመለሰ ሰው እስክመስል ድረስ።

በመጀመሪያው ቀን ድስት ሙሉ ተማስሎ የወጣው ሁለት እፍኝ የማይሞላ፣ እንደ ተበላሸ እርጎ የተቆራረጠ ነገር ነበር። መምህሩ የባሕር ዛፉን አመድ በግራር አመድ ቀየሩት። በሁለተኛው ቀንም ያው ሆነ።

ከሰዓት ዘሃራ መጣች። ድስቱን አየችና "ጋሼ፣ ይሄ ሳሙና ነው ወይስ የሚታጠበው እድፍ?" ብላ ቀለደች። ወዲያው ፊቷ ጠቆረ። "ትናንት ያዋለድኳት አራስ ትኩሳት ይዟታል።"

"አብሽሪ" አሏት። "ነገ ሞራውን አጣራዋለሁ። የቀረን ግን የአንድ ድስት ብቻ ነው።"

"ውሃው የሐይቁ ነው" አልኩ።

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ቀና ብለው አዩኝ። "ሁለት ቀን ሙሉ አመዱን ሳማ ነበር እኮ" አሉ ቀስ ብለው።

ዘሃራ ጄሪካኑን ደፋችና ባዶውን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ዳገቱን ስወጣ ከአምባሰል በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሳሙናው ረጋ፤ በቢላዋ ተቆረጠ። ዘሃራ በሻርፗ ጠቅልላ ወሰደችው። አራሷ ከሳምንት በኋላ ዳነች። ትኩሳቱ ከምን እንደመጣ ግን ዘሃራ ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ትናንት ሳሙናዬን ይዤ ወደ ዳርቻው ወረድኩ። ሾላው አለ። ያኔ ሥሩ የጻፍኩት ግጥምም ደብተሬ ውስጥ አለ፤ ለማንም አንብቤው አላውቅም። መጥፎ ቢሆን ቀድጄ በጣልኩት ነበር። ስንኞቹ ግን ያምራሉ።