መንገዱን ሙሉ የተነኮሱኝ ሽማግሌ

ተንኳሽ ማለት እኔ እንደማውቀው፣ ተኝቶ የዋለን ውሻ በእንጨት የሚነካካ ሰው ነው። ከአሰላ ወደ ኢተያ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንዱ ገጠመኝ። ከእጮኛዬ ወላጆች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ልተዋወቅ እየሄድኩ ነበር። ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡና፣

“ይሄ ኮት የራስህ ነው ወይስ የተዋስከው?” አሉኝ።

ዛሬማ ከማንም ጋር አልነጋገርም ብዬ ቆርጬ ተነስቻለሁ፤ ዝም አልኩ።

“መምህር ትመስላለህ። መምህር ስንዴን የሚያውቀው ዳቦ ሲሆን ነው።”

ዝም።

“ሊስትሮው አንዱን ጫማህን ረስቶታል።”

ጥርሴን ነክሼ ቻልኩ።

ኢተያ ቀድመውኝ ሲወርዱ ተገላገልኩ አልኩ። ሙዝና ብርቱካን ገዝቼ እጮኛዬ ቤት ስደርስ፣ ሰውዬው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። አባቷ ናቸው! ለካ ፎቶዬን አይተው ኖሯል።

“ይሄ ልጅ አይሆንም” ይላሉ ለሚስታቸው፤ “መንገዱን ሙሉ ስተነኩሰው አንዴ እንኳ አልመለሰልኝም። እንዲህ ካለ አማች ጋር ምን ልጫወት ነው?”

በሩ ላይ እንደቆምኩ ቁርጤን አወቅሁ።

“አባባ፣ ኮቱ የራሴ ነው። እርስዎ ግን ይሄን ኮፍያ ለባለቤቱ መቼ ነው የሚመልሱት?”

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና፣

“ልጅቷን ስጡት!” አሉ።