ስምንት ጊጋ ራም ይዤ ወደ ሰንጋ ተራ

ከአብነት መነሻ

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከአብነት ተነሣሁ። የጉዞዬ ዓላማ አንድ ነው፦ የተበላሸ ራም በዋስትናው ማስቀየር። ከቤቴ እስከ ሰንጋ ተራ በታክሲ ምንም ያህል አይደለም። እኔ ግን በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ስለተመለስኩ አገር አቋርጬ የመጣሁ ያህል ደክሞኛል። ስለዚህ እንደ ሩቅ መንገደኛ ልጻፈው፤ ይገባኛል።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ስሙን ሲያወጡልኝ ገና አላወቁኝም ነበር። ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ራም ለማያውቅ፣ ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያኖርባት፣ ከጣት ትንሽ የምትረዝም ስስ ቁራጭ ናት። የኔዋ ባለ ስምንት ጊጋ ናት፤ ያለችኝም እሷው ብቻ ናት። ሰሞኑን ዐመሏ ተበላሸ። በመፈተሻ ፕሮግራም ብፈትሻት ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞላ። «አዲስ ግዢ» የሚለኝ ካለ ይግዛልኝ፤ ዋጋው እጥፍ ሆኗል።

የራሴ ጉዳይ ብቻ ቢሆን አርሬ ዝም እል ነበር። ኮምፒውተሬ ውስጥ ያለው ግን የጎረቤቴ የእትዬ አስካለ ልጅ ሰርግ ነው። ባለቤታቸው ጋሽ አየለ ልጃቸውን መርቀው በዳሩ በሳምንቱ ድንገት ዐረፉ። አርባቸው ቅዳሜ ነው። ለሰርጉ ያልደረሱ ዘመዶች ከገጠር ይመጣሉ፤ እትዬ አስካለም «እስቲ ድምፁን እንኳ ይስሙት» ብለው የምርቃቱን ቪዲዮ ከኔ ይጠብቃሉ። ካሜራማኑ ቀረጻውን ለኔ ከሰጠ በኋላ ካርዱን ለሌላ ሰርግ አጥፍቶታል። እኔ ደግሞ ምርቃቱን በከፈትኩት ቁጥር ጋሽ አየለ «ውለዱ፣ ክበ…» ሲሉ ኮምፒውተሩ ሰማያዊ ሆኖ ድርግም ይላል። ወደ ፍላሽ ስገለብጠውም ተሰባብሮ ይወጣል።

እትዬ አስካለ በየጠዋቱ በሬ ላይ ቆመው «ዛሬስ?» ይሉኛል። አይቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰንጋ ተራ፣ የመጀመሪያው ጉዞ

ራሟን የገዛሁበት ሱቅ ከአንድ ኮንዶሚኒየም ሥር ነው። ባለቤቱ ከማል ይባላል፤ ፀጉሩን በጄል ያስተኛ፣ ሁሉንም ሴት «እህቴ» የሚል ልጅ ነው። ዋስትናው ራሟ ላይ የተለጠፈች የጥፍር ያህል ወረቀት ናት፤ የተሸጠችበት ቀን ተጽፎባታል። የዋስትናው ጊዜ ገና አላለፈም። ልቤ ሙሉ ነበር።

እንግዲህ እኔ ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የሶፋ ፕላስቲክ ሳይነሳ ዓመታት በሚቆጠሩበት ቤት ያደግሁ ልጅ ነኝ። ራሟን የገዛሁ ዕለት፣ ወረቀቷ እንዳትላጥ ብዬ ከላይዋ ስኮች ለጥፌባታለሁ። በዚህም እኮራ ነበር።

ከማል ቀኑን ለማየት ራሟን ወደ ብርሃን አዞረ፤ ስኮቹ አንጸባረቀበት። በጥፍሩ ያዘና ሳብ አደረገው። ወረቀቷ ከስኮቹ ጋር ተያይዛ መጣች።



«እህቴ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «ወረቀቱ ከተላጠ ዋስትና የለም።»

«አንተ እኮ ነህ የላጥከው! አሁን! ፊቴ ላይ!»

«ስኮቹን እኔ ለጠፍኩት?»

«ቀኑ እኮ ይነበባል! ያው እጅህ ላይ ተጣብቆልሃል፣ አንብበው!»

«እህቴ፣ አስመጪው ወረቀቱ ራሙ ላይ ካልሆነ አይቀበለኝም። ከኪሴ ልክፈል?»

እኔም ጮህኩ። ምን እንዳልኩ ሁሉንም አልጽፈውም። ቻርጀር ሊገዙ የመጡ ሁለት ሰዎች ጉዳያቸውን ትተው እኛን ያዩ ጀመር። በመጨረሻ ራሜን፣ ስኮቴንና ወረቀቴን ሰብስቤ፣ «እንተያያለን!» ብዬ ወጣሁ። የት እንደምንተያይ ግን እኔም አላውቅም ነበር።

የሽማግሌ ስንቅ

አብነት ስደርስ ጋሽ ተካ ከደጃቸው ተቀምጠው አገኙኝ። ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው፤ የሟቹ የጋሽ አየለ የልብ ወዳጅም ነበሩ። ፊቴን አይተው «ምን ሆንሽ?» አሉኝና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው።

«ነገር በጩኸት አያልቅም፤ ሽማግሌ ይግባበት» አሉ።

«ጋሼ፣ ሱቅ እኮ ነው! ለዕቃም ሽማግሌ ይላካል?»

«የሚሸጠው ሰው አይደለም?»

እሳቸውም ወዲያው ሐጂ ኑሩን ጠሩ። ሐጂ ከወሎ መጥተው ሰፈራችን ውስጥ ፍራሽ የሚነግዱ አዛውንት ናቸው። በኛ ሰፈር ባልና ሚስት ቢኳረፉ፣ አጥር ተገፋ ቢባል የሚጠሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሐጂ ነገሩን ሰምተው «ኸይር ነው፣ እንሂድ» አሉና ኮታቸውን ደረቡ። ጋሽ ተካ ጫማቸውን አስጠረጉ። እኔ ራሟን በሶፍት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሁለት ሽማግሌ፣ ሁለቱም የኔ፣ እውነቱም ከኔ ጋር።

በልደታ በኩል

«ሜክሲኮ በልደታ! ሁለት ሰው!» የሚል ታክሲ መጣ። ሦስት ነን ብንለው ረዳቱ «ለአባቶች ቦታ አይጠፋም» ብሎ አጠጋጋን። ሐጂ ከሹፌሩ ጀምሮ እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ሰላምታ ሰጡ። ልደታ ስንደርስ ጋሽ ተካ «ማርያምን ሳልሳለም አላልፍም» ብለው ወረዱ፤ እኛም ተከትለን ወረድን።

እሳቸው እስኪመለሱ ሐጂና እኔ ከመንገድ ዳር ሻይ ያዝን። ሐጂ ሳምቡሳ ጋበዙኝና ብርጭቆው ውስጥ ስኳሩን ያለ ርኅራኄ ገለበጡት። ጋሽ ተካ ሲመለሱ ሻይም አልቀመሱ፤ ረቡዕ ነው፣ ጾሜን ገና አልፈታሁም አሉ። የቀረውን መንገድ በእግር ያዝነው። የእግረኛው መንገድ አዲስና ሰፊ ነው፤ የሽማግሌዎቼ እርምጃ ግን ያው የድሮው ነው። ሐጂ የሚያውቁት ሰው በየአሥር ክንዱ ይገጥማቸዋል፣ የማያውቁትንም ሰላም ይላሉ።

«ግን ይሄ ነገር ሥራው ምንድን ነው?» አሉኝ ጋሽ ተካ።

«ጋሼ፣ እንደ እርስዎ የሥራ ጠረጴዛ ነው። ሰፋ ካለ ብዙ ሥራ ይዘረጋበታል። የኔው ሰፊ ነበር፤ አሁን መሐሉ ተሸነቆረና ያስቀመጥኩት ሁሉ ይወድቃል።»

«አሃ!» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቁኝም። ነገሩን ማስረዳት ይህን ያህል የሚያስከፍለኝ አልመሰለኝም ነበር።

ሰንጋ ተራ፣ ሁለተኛው ጉዞ

ከማል እኔን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ ከኋላዬ ሽማግሌዎቹን ሲያይ ደግሞ ብድግ አለ። ወንበር አቀረበ። ጋሽ ተካ እጃቸውን አወዛወዙ።

«ጉዳያችን እሺ ካልተባለ አንቀመጥም።»

እንዲህ የሚባለው ልጅ ለትዳር ሊጠየቅ ሲኬድ ነው። የሱቁ ሠራተኛ ልጅ ደንግጣ እኔንና ከማልን አፈራርቃ አየች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ኧረ አባቶቼ ተቀመጡ፣ እሺ፣ የፈለጋችሁት ይሁን!» አለ ከማል። ተቀመጡ። ለስላሳ መጣ። ሐጂ የከማልን የትውልድ አገር፣ የአባቱን ስምና የአጎቱን ሥራ ጠየቁ፤ አጎቱን መርካቶ እንደሚያውቁት ታወቀ። እኔ ራሟን ይዤ ቆሜያለሁ። በስንት ጊዜው ወደ ነገሩ ገባን፤ እኔም ከማልም ተራ በተራ ተናገርን።

«እንግዲህ፣» አሉ ሐጂ፣ «ከመፍረዳችን በፊት፣ የምንለውን ትቀበላላችሁ?»

ከማል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እቀበላለሁ» አለ።

«እቀበላለሁ!» አልኩ እኔም፣ ድምፄን ከሱ ከፍ አድርጌ።

«በሉ ወጣ በሉ።»

ከማልና እኔ ከራሱ ሱቅ ተባረን በር ላይ ቆምን። ላለመተያየት እሱ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ እናያለን። «ፀሐዩ ከረረ» አለኝ። «ከሯል» አልኩት። ከዚያ ተጠራን።

ጋሽ ተካ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስኮቹን የለጠፍሽው አንቺ ነሽ። የላጥከው አንተ ነህ። ጥፋቱ የሁለታችሁ ነው። የተበላሸው ስምንት ነው አይደል? አራቱን ከማል ይተካ፤ አራቱን ትዕግሥት ለእግዜር ብላ ትተወው።»

ጆሮዬን አላመንኩም።

«ጋሼ! ራም እኮ እንደ ጤፍ በግማሽ አይሰፈርም!»

«ባለ አራት አለኝ!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ከማል መሰላል ላይ ወጥቷል። እንዲህ ፈጥኖ ዕቃ የሚያወርድ ነጋዴ አይቼ አላውቅም።

«እኔ እኮ መብቴን ነው የጠየቅሁት…»

«እቀበላለሁ ብለሻል» አሉ ሐጂ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ።

«ልጄ፣» አሉ ጋሽ ተካ፣ «ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። ከተሸነቆረ ሰፊ ጠረጴዛ ደህና ጠባብ ጠረጴዛ ይሻላል። እኔ በጠባቡም ስንት አልጋ ሠርቻለሁ።»

ወይ ጉድ! ጠበቃ መስለውኝ ይዣቸው የሄድኩት ሽማግሌ መሆናቸውን ረስቼ ነው ለካ። ሽማግሌ አንዱን ወገን ሙሉ በሙሉ አስደስቶ ቤቱ አይገባም። ከከማል ጋር ተጨባብጠን ይቅር ተባባልን። አዲሷን ሲሰጠኝ «እህቴ፣ በናትሽ ስኮች እንዳትለጥፊባት» አለኝ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

መልስ

በመልስ መንገድ እኔ ከፊት ከፊት እየተራመድኩ አኮረፍኳቸው። ሐጂ ሙዝ ገዝተው ሊሰጡኝ ቢሞክሩ «አልበላም» አልኩ። ልደታ ታክሲ ስንጠብቅ ግን አልቻልኩም፣ እንባዬ መጣ።

«አራት ጊጋ ባይችለውስ? ለእትዬ አስካለ ምን ልበላቸው? ግማሽ ምርቃት ይበቃዎታል ልበላቸው?»

አብነት ስንወርድ ጋሽ ተካ ወደ ቤታቸው አልታጠፉም። «አብረን እንገባለን» አሉ፤ ሐጂም ሙዛቸውን ይዘው ተከተሉ።

ቤቴ ጠባብ ነው፤ ሁለቱ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ራሟን ሰካሁ። ኮምፒውተሩ ተነሣ። ምርቃቱን ከነድምፁ ወደ አንድ ፋይል እንዲያወጣ አዘዝኩት፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ጮኸ፣ መቶኛው እንደ ሽማግሌዎቼ ነበር የሚራመደው። መሐል ላይ እትዬ አስካለ በር ላይ ቆሙ። የዛሬ ጠዋቱ «ዛሬስ?» ስላመለጣቸው ነው የመጡት። «ይግቡ» አልኳቸው፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም።

አልቆ ሲከፈት ጋሽ አየለ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው ስክሪኑ ላይ ቆመዋል።

«ውለዱ፣ ክበ…»

ዐይኔን ጨፈንኩ።

«…ዱ! ቤታችሁን እንግዳ አይጣው። ክፉ አይንካችሁ። አብራችሁ አርጁ፣ ጃጁ!»

«አሜን» አሉ ጋሽ ተካ፣ አልጋዬ ላይ ሆነው። «አሚን» አሉ ሐጂ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «አሜን፣ አሜን» ይላሉ። እኔም አልኩ። ከሞተ ሰው ምርቃት ስቀበል የመጀመሪያዬ ነው።

ቪዲዮው ግን አላበቃም። ጋሽ አየለ ኮታቸው ላይ የተሰካው ማይክ መሥራቱን አላወቁም። ምርቃቱን ጨርሰው አጠገባቸው ወደ ቆሙት ጋሽ ተካ ጎንበስ አሉና አንሾካሾኩ።

«ተካ፣ ይሄ ጫማ እግሬን ጨረሰው እኮ። ለአስካለ እንዳትነግራት፤ ስንት ቦታ ዞራ ነው የገዛችልኝ።»

እትዬ አስካለ ቀስ ብለው ወደ ጋሽ ተካ ዞሩ።

«ታውቅ ነበር?»

«አትንገራት አለኝ፤ ምን ላድርግ?»

«ያን ቀን ሙሉ እኮ ‹እንዴት ይመቻል› ሲለኝ ነው የዋለው! ይሄ ውሸታም!» አሉና ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው። ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ከልቅሶው መሐል ደግሞ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። እኔም እሳቸውን እያየሁ እንደዚያው ሆንኩ።

ከጉዞው የተማርኩት

አንደኛ፣ ዋስትና ላይ ስኮች አይለጠፍም። ሁለተኛ፣ ሽማግሌ «ትቀበያለሽ?» ብሎ ከጠየቀሽ፣ «መጀመሪያ ልስማው» በይ። ከማል የኔ አራት ጊጋ አለበት፤ ይቅር ብያለሁ እንጂ አልረሳሁም።

ዓርብ ዕለት እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። የሹክሹክታውን ነገር ለአርባው ልቁረጠው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ለዘመዱ ቁረጪው፤ እነሱ ምርቃቱ ይበቃቸዋል» አሉኝ። «እሷን ብቻ ለኔ በሌላ ፍላሽ አድርጊልኝ።»

ቀድሜ አዘጋጅቼ ስለነበር ሁለቱንም ፍላሽ ሰጠኋቸው። የምርቃቱን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጡት። የጫማዋን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት።