ናፍጣው የት እንደገባ

ዛሬ ጠዋት ከቡታጅራ ስልክ ተደወለ፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ። የደወሉት ሽማግሌው መካኒክ ነበሩ። «አሰላሙ አለይኩም» አሉና መልሴን ሳይጠብቁ፣ «የጻፍሽው ልክ ሆኗል። መኪናው እኔ ዘንድ አድሮ ማለዳ ሳስነሳው ነጭ ጭስ የሚባል የለም። ናፍጣውም መንገዱ ከሚወስደው በላይ አልጎደለም። አጎትሽ ሌባ አይደለም። ስልኩን ለአባትሽ ስጪው» አሉኝ። አልሰጠሁትም። እኔው ልነግረው ፈለግሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ጫማውን ሲያስር አገኘሁትና ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ፣ «አጎቴ አልሰረቀም!» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አባቴ ያሰረውን ፈትቶ እንደገና አሰረው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። የምንኖረው ወልቂጤ ነው። አባቴ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ አሮጌ የጭነት መኪና አለው፤ የሚነዳው ታናሽ ወንድሙ ነው፣ አጎቴ። ከጉንችሬ ገበያ ቆጮ ጭኖ ቡታጅራ ያደርሳል፤ መኪናው የሚያድረው እኛ ግቢ ነው። ክረምቱ እንደወጣ ናፍጣው ቶሎ ቶሎ ማለቅ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ቡታጅራ ላይ አንዲት ነጋዴ ከፊት በኩል ያለውን ቆጮ ገልጣ አሸተተችና፣ «ይሄን ለሰው ነው ወይስ ለሞተር ያመጣችሁት?» ብላ መለሰችው።

አባቴ መኪናው ስር ገብቶ መሬቱን በመዳፉ ዳሰሰ። ደረቅ ነው። ወጣ፣ ጉልበቱን እንኳን ሳያራግፍ፣ «መሬት ካልጠጣው ሰው ጠጥቶታል» አለ። ይህን ያለው በራችን ላይ ነው፤ ባጃጅ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማል።

«ጋሼ፣ እኔን ነው?» አለው አጎቴ።

«ሌላ ማን ይነዳዋል? መንገድ ላይ በጄሪካን እየቀዳህ ትሸጣለህ። ቆጮው የሸተተውም ጄሪካኑን እላዩ ላይ ስለምትጭን ነው። ሌባ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ አጎቴ «ጋሼ» ማለቱን ተወ። «ባለመኪናው» ይለዋል፤ ያውም አጠገቡ ቆሞ፣ በእኔ በኩል። «ለባለመኪናው ንገሪው፣ ፍሬኑ መታየት አለበት።» አባቴም አፉን ወደ እኔ አዙሮ፣ «ለሾፌሩ ንገሪው፣ መታየት ያለበት እሱ ነው።» እኔ ደግሞ የቆምኩት መሀል ነው። ሁለቱንም ጠላኋቸው፤ አባቴን ግን የበለጠ።

አባቴ በስድብ አላበቃም። ሽማግሌዎች ጠርቶ አጎቴን ሊያስምለው ቆረጠ፤ ቀጠሮውም የፊታችን እሑድ ነው። በእኛ ቤተሰብ መሐላ እንደዋዛ የሚገባበት ነገር አይደለም። በውሸት የማለ በልጆቹ ይደርስበታል ይባላል። በእውነት የማለም ቢሆን፣ ካስማለው ወንድሙ ጋር ከዚያ በኋላ አንድ ገበታ አይቀርብም፤ ልቅሶም አይደርሰውም። አጎቴ ደግሞ፣ «እምላለሁ። ከማልኩ በኋላ ግን ወንድም የለኝም» ብሎ ነበር። የሚያፌዝ መስሏችሁ እንዳይሆን።

መጀመሪያ መካኒክ ይየው ያለችው እማዬ ናት። «መኪናውን ሳትጠይቁ ሰውን ታስምላላችሁ?» ብላ ጮኸችባቸው። ብቻቸውን ከሄዱ ደግሞ መንገድ ላይ ይደባደባሉ ብላ እኔን መሀላቸው አስቀመጠችኝ። በእኛ መኪና መሀል መቀመጥ ማለት የሞተሩ ክዳን ላይ መቀመጥ ነው። ከስር ይጠብሳል፣ ከግራና ከቀኝ ይዘጉሻል። እስከ ቡታጅራ ድረስ እንዲያ ሄድን።

ጋራዡ ስንደርስ መካኒኩ ኮፈን ሳይነኩ፣ «ጭሱ ምን ዓይነት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ጥቁር» አለ አባቴ።

«ነጭ» አለ አጎቴ።

«ጥቁር! ዳገቱን ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ባለመኪናው ማለዳ ተነሥቶ ስለማያውቅ ነው። ነጭ ነው።»

«አየህ? በጭሱ ይዋሻል፣ በናፍጣው ምን ያቅተዋል!»

መካኒኩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሁለቱን በየተራ አዩዋቸውና፣ «እናንተ ስለ ጭስ አይደለም የምታወሩት» አሉ። ወደ እኔ ዞሩ። «ይህች ልጅ መጻፍ ትችላለች?»

ዘጠነኛ ክፍል ነኝ! «በደንብ» አልኳቸው፣ ተኮሳትሬ።

«እንግዲያው ያየሽውን ጻፊ። የሰማሽውን አይደለም፣ ያየሽውን። ማለዳ ቀዝቅዞ ሲነሳ፣ ሲሞቅ፣ ዳገት ላይ። ነጭ ወረቀት ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ያዢና ምን እንደነካው እዪ። በሳምንቱ ተመለሱ።»

እስከዚያ ድረስ ከፈተና ውጪ ጽፌ አላውቅም ነበር። ከሒሳብ ደብተሬ መሀል ወረቀት ገንጥዬ ማለዳ ማለዳ ከአጎቴ ጋር ግቢ ወጣሁ። የሰኞው እንዲህ ይላል፦ «በሦስተኛው ሙከራ ተነሣ። ነጭ ጭስ፣ ዓይን ያቃጥላል። ወረቀቱ ረጠበ፣ ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ ጥላሸት የለውም። ሲሞቅ ጭሱ ጠፋ።» የማክሰኞውም ያው ነው። ማክሰኞ አባቴ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ወረቀቱ ላይ ናፍጣ ደፍታችሁበት ነው!» ብሎ ጮኾ ነበር። ጽፌው ሰረዝኩት፤ መካኒኩ የሰማሽውን አትጻፊ ብለዋላ። እዚህ ግን እጽፈዋለሁ፤ እዚህ የሚያዘኝ የለም።

ቅዳሜ ተመልሰን ስንሄድ ወረቀቱን ጭኔ ላይ ይዤ ጻፍኩ፦ «ዳገት ላይ ጭሱ ጥቁር ነው። ቆመን ወረቀት ያዝኩ፤ ጥላሸት ነው፣ ደረቅ። ሽታው ሞተሩ ሲጮህ ይብሳል። ከኋላ አይመጣም። ከእኔ ስር ነው።» ይህችን የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት። ጄሪካን ከእኔ ስር የለማ!

መካኒኩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ጽሑፌን ሰው ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴና አጎቴ እንደ ተቀጡ ተማሪዎች ቆመው ሰሙ።

«ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የተናገራችሁት» አሉ መካኒኩ። «ሁለት በሽታ ነው። ጥቁሩ አየር አጥቶ ነው።» የአየር ማጣሪያውን አውጥተው መሬት ላይ ሲመቱት የመንገዱ አቧራ እንደ ሽሮ ተዘረገፈ። «ነጩ ደግሞ ቆሞ ሲያድር ናፍጣው ውስጥ አየር ይገባበታል፤ ማለዳ እንቢ ይላል፣ ሲነሳም ያልተቃጠለውን ይተፋል። አየር የሚገባበት ቀዳዳ፣ ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣ ያወጣበታል። ልጅቷ ከእኔ ስር ብላለች። እስቲ ክዳኑን ክፈቱ።»

ከሞተሩ የተረፈውን ናፍጣ ወደ ታንኩ የሚመልስ ቀጭን ቱቦ አለ። እሱ ላይ እንደ ቁስል ፋሻ የተጠቀለለ ነገር አየን። ቃጫ ነው። ከእንሰት የሚወጣውን ክር እኛ አገር የማናስርበት ነገር የለም፤ በር፣ ጥጃ፣ ቆጮ፣ ሁሉ በእሱ ነው። መኪና ግን ታስሮበት ያየሁት ያን ቀን ነው። መካኒኩ ፈትተው በእፍኛቸው ጨመቁት። ናፍጣው በጣቶቻቸው መሀል ወረደ። ከስሩ ቱቦው ተሰንጥቋል።

«ይሄን ማን ጠቀለለው?»

አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ባለመኪናው ነው በያቸው። ዐምና። ቱቦው ከብረት ጋር እየተፋተገ እንዳይላጥ ብሎ ከቤት ቃጫ አምጥቶ» አለ።

«ለጥንቃቄ ነው!» አባቴ ደም ሥሩ ተገተረ።

«ጥንቃቄህ ስንጥቁን ሸፈነብህ» አሉት መካኒኩ። «ቃጫው ይጠጣል። ጠግቦ የተረፈውን የሞተሩ ሙቀት ያተነዋል፣ ነፋሱ ወደ ኋላ ጭነቱ ላይ ይረጨዋል። ሲቆም አያፈስም። ታዲያ መሬቱ ምን ይድረሰው?»

አባቴ የሚያፍር መስሎኝ ጠበቅሁ። «አንድ እፍኝ ቃጫ ያን ሁሉ ናፍጣ አይጨርስም» አለ። «እሑድ ሳምንት ይምላል።»

መካኒኩ ቃጫውን መሬት ወረወሩት። «ቁልፉን አምጣ። ቱቦውን ቀይሬ፣ ታንኩን ሞልቼ፣ ጉብሬ ድረስ ጭኜ እኔው እመላለሳለሁ። ያለ ልክ ከጎደለ እኔም እንደ ሌባ አብሬው እምላለሁ» አሉ። በሚኒባስ ተመለስን፤ እነሱ በፊትና በኋላ ወንበር። ከመውጣታችን በፊት ግን ቃጫውን ከመሬት አንስቼ በላስቲክ ቋጠርኩት።

የዛሬው ስልክ ይሄ ነበር።

አባቴ ጫማውን አስሮ ሲጨርስ፣ «ደግ፤ ሽማግሌዎቹ ይቅሩ። ነገሩ አልቋል» አለኝ። እየበረርኩ አጎቴ ቤት ሄድኩ። የሚያቅፈኝ መስሎኝ ነበር። ተቀምጦ ሰማኝና፣ «አልቋል አለ?» አለ። «ሌባ ሲለኝ ጓዳ ውስጥ አይደለም። ሽማግሌዎቹ አይቀሩም። ሌባ ሲለኝ የሰማ ሁሉ ይምጣ። እዚያው በር ላይ ቆሞ፣ ቃጫውን በእጁ ይዞ፣ ናፍጣውን የጠጣው የእኔ ቃጫ ነው ይበል። ያን ጊዜ ጋሼ እለዋለሁ።»

ተመልሼ ለአባቴ ነገርኩት። «ቃጫ አልይዝም!» አለ።

«ትይዛለህ» አለችው እማዬ ከጓዳ።

የመጥራቱ ሥራ የእኔ ሆነ፤ ደስ እያለኝ ነው የምጠራው። የባጃጅ ሾፌሮቹን ጠርቻለሁ። ቆጮ የመለሰችው ነጋዴ ዘንድ ሳይቀር ሰው ልኬባታለሁ። እናንተም እስከዚህ ካነበባችሁ አባቴ አጎቴን ሌባ ሲለው ሰምታችኋልና ተጠርታችኋል። እሑድ ከቀትር በፊት፣ ወልቂጤ፣ በራችን ላይ። አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዳያመልጥ ቀረብ ብላችሁ ቁሙ።