በወንድሜ ስም

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደሞዝ እየተከፈለኝ ቅርጫት ኳስ ተጫውቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት ደጋፊው ሲጠራው የነበረው ስም ግን የእኔ አይደለም፤ የታናሽ ወንድሜ ነው። ቦንጋ ውስጥ ይህን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስሜን ሳይጠሩ በጨዋነት ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥረኛ ክፍል ወድቄ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት ከአዲስ አበባ አንድ የመሥሪያ ቤት ክለብ ታዳጊዎችን ለመመልመል ወደ ዞናችን ውድድር መጣ። የሚፈልጉት ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ነው፤ እኔ አሥራ ዘጠኝ ሞልቶኛል። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣው የስፖርት መምህራችን ከላይ እስከ ታች አየኝና «ቁመቱስ አለህ፤ ታናሽ ወንድም የለህም?» አለኝ። እስክሪብቶ እንደሚበደር ሰው ነው የጠየቀኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ከየወረዳው የመጡት ግማሾቹ የታናሾቻቸውን የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት ይዘው ነው የተሰለፉት። ከመሃላችን በቀን ሁለቴ ጢሙን የሚላጭ «ታዳጊ» ነበር።

ወንድሜ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ሰርተፊኬቱን ከላስቲክ ውስጥ አውጥቶ ሰጠኝ። ፎቶው ላይ ያለው ፊት የእሱም የእኔም ሊሆን ይችላል፤ ሁለታችንም ቁርጥ አባታችንን ነን። «ሂድና ቦታ ያዝልኝ» አለኝ እየሳቀ።

ይህን ልናገርና ይውጣልኝ፤ እሱ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ትሕትና አይደለም። እኔ ያለኝ ቁመት ብቻ ነው። እሱ ግን ዝናብ በማይለየው የትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ፣ ኳሷ ውሃ ጠጥታ አልነጥርም ስትል እንኳ፣ ዓይኑን ሳይጥልባት እንደፈለገ ያዛት ነበር። መምህራችንም ያውቃል። ብቻ ገና አጭር ስለነበር «ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል» ብሎ አለፈው።

ካምፕ ከገባሁ በኋላ ስም ሲጠራ «አቤት» ለማለት እዘገይ ነበር። አሠልጣኙ ጆሮዬን እንድመረመር ሐኪም ቤት ልኮኛል። ክለቡ የሰርተፊኬቱን ኮፒ አስቀርቶ ዋናውን ስለመለሰልኝ ለወንድሜ መልሼ ላክሁለት። በዓመቱ የሌላ ክለብ መልማዮች ቦንጋ ሄዱ። ወንድሜ ቁመቱ ተመዞ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን መረጡት።

እኔ ካምፕ ውስጥ ምሳ እየበላሁ ስልኬ ጮኸ። ከመልማዮቹ አንዱ ነው። «ወንድም፣ በአንተ፣ በአባትህና በአያትህ ስም አንድ ልጅ እዚህ ቀርቧል። የተጫዋቾች ዝርዝር ላይ ደግሞ ያለኸው አንተ ነህ። ታውቀዋለህ?» አለኝ።

እውነቱን ብናገር በማግስቱ ሻንጣዬ ከካምፑ በር ውጭ ነው። ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው፤ ወንድሜን አላሰብኩም። «አላውቀውም» አልኩ። «ሰርተፊኬቱ የእኔ ነው፣ ጠፍቶብኝ ነበር።» ሁለተኛውን ማንም አልጠየቀኝም፤ ከራሴ ጨምሬ ነው። ስልኩን ዘግቼ ምሳዬን ጨረስኩ።

በሰው ወረቀት ሊያጭበረብር መጣ ብለው ሰርተፊኬቱን ነጥቀው አባረሩት። እናታችን ደውላ ስትነግረኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ «የቢሮ ሰው መቼ ያጣራል» አልኳት። ወንድሜ ከዚያ ወዲያ ኳስ አልነካም። ስለዚያ ቀን አንድም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ያልጠየቀኝ የእኔ እጅ እንዳለበት ስላላወቀ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ በዚህች መጽናኛ ስምንት ዓመት ኖርኩ።

አንድ ጊዜ በመጨረሻዋ ሴኮንድ አስገብቼ አሸነፍን። አዳራሹ በሙሉ የወንድሜን ስም እየጠራ ዘለለ። እጄን አንስቼ አጸፋውን መለስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ጉልበቴ ማበጥ የጀመረው በወረቀት ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ ነው። አሠልጣኙ «በዚህ ዕድሜህ? አንተ ሰነፍ ነህ» ይለኝ ነበር። ሐኪሙ ራጁን አይቶ ዕድሜዬን አይቶ ግራ ገባው። ጉልበት ወረቀት አያነብም። በአራት ዓመት ከሚያንሱኝ ልጆች እኩል ስሮጥ ጨረስኩትና፣ በዘጠነኛው ዓመት ኮንትራትህ አይታደስም ተባልኩ። የሸኘኝም ሰው አልነበረም።

አምና ሚስቴንና የአራት ዓመት ልጄን ይዤ ቦንጋ ተመለስኩ። ወንድሜ ሚኒባሶች ወደ ሺሺንዳ በሚወጡበት መንገድ ዳር በርና መስኮት የሚበይድበት ቤት ከፍቷል። ሲያየኝ አቅፎ ሳመኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ የተለማመድኩትን ንግግር ጀመርኩ፤ ቢሮ ሄጄ ሁሉንም እናገራለሁ፣ ስምህን እመልስልሃለሁ አልኩት። አቋርጦኝ አያውቅምና እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ወዴት ነው የምትመልሰው?» አለኝ በቋንቋችን በካፊኖኖ። ከመሳቢያው ንግድ ፈቃዱን አወጣ። የተጻፈበት የእኔ ስም ነው። ያኔ የራሱን ወረቀት ስለነጠቁት፣ ብየዳ ሊማር ሲመዘገብ ቤት ተቀምጦ የነበረውን የእኔን ሰርተፊኬት ይዞ ነበር የሄደው። ቀጥሎ የሴት ልጁን የልደት ምስክር ወረቀት አሳየኝ። የአባት ስም በሚለው ቦታ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

«ትምህርት ቤት በአንተ ስም ነው የምትጠራው» አለ። «አንተ እውነቱን ስትናገር እሷ የማን ልጅ ትባል? የአንተስ ልጅ?»

የእኔ ልጅ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ሚስቴ ራሷ ስታቆላምጠኝ የምታቆላምጠው የእሱን ስም ነው። ዝም ማለት ሲገባኝ እንደ ልማዴ መቀባጠር ጀመርኩ። «ያን ቀን እኮ ደውለው ቢጠይቁኝ ኖሮ…» አልኩ።

አላስጨረሰኝም። ድምፁንም ከፍ አላደረገም።

«ስልኩ እኮ ስፒከር ላይ ነበር» አለኝ። «አጠገባቸው ቆሜ ነበር።»

ይህን ብሎ የብየዳ መነጽሩን አወረደና ወደጀመረው የብረት በር ጎንበስ አለ። ብርሃኑ ዓይን ስለሚወጋ ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ቆምኩ።