ደመወዝ ያለው ዋስ

የልጅ ልጄ ስትደውልልኝ ጣራ ገዳም ነበርኩ። እግሬ ቤት አይወድም፤ ልጆቼ በዚህ ሲያሙኝ ኖረዋል። ከገዳም ገዳም፣ ከዘመድ ዘመድ እዞራለሁ። ስልኬን ግን ከአንገቴ አላወርደውም፤ በክር አስራ ያንጠለጠለችልኝ እሷው ናት። ዳገቱን ጨርሼ ከዛፍ ሥር ትንፋሼን ስሰበስብ ጮኸ። ድምፅዋን ስሰማ ያለቀሰች መሰለኝ። ለካ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ መጥተውባት ነው።

ደብረ ታቦር ካለ አንድ የብድርና ቁጠባ መሥሪያ ቤት ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛነት ተፈትና አንደኛ ወጥታለች። ይህ ለኛ ትንሽ ነገር አልነበረም። ልጅቱ በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። በየሰሌዳው የሚለጠፈው ማስታወቂያ ሁሉ ሁለት ዓመት የሠራ፣ አራት ዓመት የሠራ ይላል። ካልቀጠሯት ልምዱን ከየት ታምጣው? ዜሮ ዓመት የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ደግሞ ለአንድ ቦታ አገር ይሰለፋል። አብረዋት ከተመረቁት አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ የሞባይል ካርድ ትሸጣለች፣ ሌላው ወደ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወርዷል። እሷም ደብረ ታቦር ከተከራየችው ክፍል ሆና የሰዎችን ልጆች ስታስጠና ነበር የምትኖረው።

"አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ እማማ። ዋስ አምጪ አሉኝ። እስከ ዓርብ ካላመጣሁ ሁለተኛ የወጣውን ይጠሩታል።"

ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ዋስ ከሆነማ ለኔ ተይው አልኳት። እንዲያውም ስቄባታለሁ። ዋስ በኛ አገር ጠፍቶ ያውቃል? ሰው ሲዳር ዋስ ይጠራል፣ ከብት ማሳ ሲገባ ዋስ ይጠራል፣ ደም ሲደርቅ ዋስ ይጠራል። የተከበረ ሰው ቆሞ "እኔ አለሁ" ካለ ነገሩ ያበቃል። ለዚህ ደግሞ ገሳይ አጠገብ፣ የልጅቱ እናትና አባት ከሚያርሱበት ቀበሌ፣ አንድ ሽማግሌ አሉ። እሳቸው ዋስ የሆኑበት ጋብቻ ፈርሶ፣ እሳቸው የተዋሱት እርቅ ተሽሮ አያውቅም። ወደ አዲስ ዘመን ወረድኩ፤ በወረታ አድርጌ፣ ደብረ ታቦርን አልፌ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ደጃቸው ደረስኩ።

ሽማግሌው ነገሩን ሲሰሙ ለምን ቀድሜ እንዳልመጣሁ ተቆጡኝ። በማግስቱ የታጠበ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው ከኔ ጋር ሚኒባስ ተሳፈሩ። መንገዱን ሁሉ ሲቀልዱ ነበር። ከተሜው የኔን መልክ አይቶ ልጅቱን ሥራ አስኪያጅ ቢያደርጋትስ፣ ይሉኛል።

የሠራተኛ አስተዳደሩ ኃላፊ ወጣት ነው። ሲያያቸው ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸው። በቃ አለቀ አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም፤ ዋስ ተቀምጦ አይናገርም። ዘንጋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው የልጅቱን አባት አያት እየጠሩ፣ ብታጠፋ እኔ አለሁ፣ ብትጠፋ ፈልጌ አመጣታለሁ አሉ። ኃላፊው እስኪጨርሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው። የልጅ ልጄ ግን ከጀርባዬ ቆማ ነጠላዬን ወደ ኋላ ትጎትታለች። እሷ ቀድሞ ገብቷታል።

"አባቴ፣ ደመወዝ አለዎት?" አላቸው።

"ምን ሠርቼ?"

ኃላፊው በዝግታ አስረዳን። ልጅቱ የገንዘብ ሥራ ነው የምትሠራው። ስለዚህ ዋሷ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት፣ ደመወዙ ከእሷ የማያንስ። መሥሪያ ቤቱ የደመወዙን ልክ፣ ለሌላ ሰው ዋስ አለመሆኑንም ጭምር በማኅተም ጽፎ መስጠት አለበት። ሽማግሌው ጥማድ በሬ አለኝ አሉ። መሬትም አለኝ አሉ። መሬቱ የመንግሥት ነው አላቸው፤ በሬ ደግሞ ይሞታል።

"ደመወዝተኛውስ አይሞትም?"

ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ዋጠው። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አለ። ለሽማግሌው አለቀስኩላቸው፤ ዓይኔ ባይፈስም። ስንት ሰው ያስታረቀ ቃል እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ አየሁ። ከመተላለፊያው ወንበር ላይ አንድ ልጅ ተቀምጦ ነበር፤ ስንወጣ ተነሥቶ ቦታውን ለኔ ሰጠኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለተኛ የወጣው እሱ መሆኑን የልጅ ልጄ የነገረችኝ ውጭ ከወጣን በኋላ ነው።

ሽማግሌውን ወደ መናኸሪያ ስንሸኛቸው ደመወዙ ስንት ነው ብለው ጠየቋት። ነገረቻቸው። ቆም አሉ። አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛም አሉ፤ እውነት ነው፣ አይገዛም። የቤት ኪራዩ ግማሹን ይበላዋል። ለዚህ ነው ይህ ሁሉ ማኅተም? እሷ ግን ተቆጣች፤ በሽማግሌው ፊት ድምፅ ከፍ አድርጋ አታውቅም።

"ደመወዙን ብዬ አይደለም። ሁለት ዓመት ከሠራሁ የሰሌዳው ማስታወቂያ ሁሉ ለኔም ይሆናል፣ ባንክም እወዳደራለሁ። ይሄ ካመለጠኝ ግን ከርሞም ዜሮ ነኝ።"

ሽማግሌው ግንባሯን ስመው መኪና ውስጥ ገቡ።

ደመወዝ ያለው ዘመድ ማን አለን ብዬ ሌሊቱን ሳገላብጥ አንድ ሰው ብቻ መጣልኝ። የወንድሜ ልጅ አንበሳሜ ከተማ አስተማሪ ነው። ትምህርት የጀመረው እኔ ቤት ሆኖ ነው፤ ይህን ግን አላነሣበትም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ልጅቱን ይዤ ደረስኩ። ሚስቱ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ምላሷ ስለታም ነው ይባላል፣ እኔም ትንሽ እፈራታለሁ። እህል አቀረበችልን። የመጣንበትን ስነግረው የወንድሜ ልጅ ጉርሻውን መለሰው።

መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩ የሉም አለ። ነገ ይመጣሉ አለች ሚስቱ ከወጥ ቤት። ቀጥሎ ደብዳቤ ቶሎ አይጽፉም አለ። እንለምናቸዋለን አልኩ። ከዚያ ዓርብ ፈተና አለብኝ አለ። እያንዳንዱን ሲናገር እኔን አላየኝም፤ እንጀራውን በጣቱ እየቆረሰ ሳይበላ ይከምረዋል። ያን የማሳደጌን ነገር ማንሣት አማረኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ልጅቱ ግን ቀደመችኝና ተነሣች።

"እማማ፣ እንሂድ። መኪና ያልቅብናል።"

"ቁጭ በይ" አለች ሚስቱ ከበሩ። "እህል አቅርቤልሽ አትነሺም።" ወደ ባሏ ዞረች። "አንተ ምን ሆነሃል? ዘመድህ አይደለችም?"

ለእንጀራው የሚናገር ይመስል፣ "ዋስትናዬ ተይዟል" አለ።

"ለማን?"

"አብሮኝ ያስተምር ለነበረው። ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲዛወር።"

"መቼ?"

"አምና።"

ለካ ደብዳቤው ለሌላ ሰው ዋስ አይደለም ብሎ መጻፍ ስላለበት ነው ሲሸሽ የኖረው፤ ደብዳቤው ከተጻፈ ነገሩ ይወጣል። የሰው ቤት ላፈርስ የመጣሁ መሰለኝ። ሚስቱ ገበታውን አንሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ውኃ ሲፈስ፣ ዕቃ ሲጋጭ ሰማን። የወንድሜ ልጅ በዓይኑ ይቅርታ ሲለምነኝ እኔም በዓይኔ ይቅርታ ለመንኩት፤ ያጋለጥኩት እኔ ነኝና።

ስትመለስ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ልጅቱ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

"ገንዘቡን የምትነኪው አንቺ ነሽ?"

ልጅቱ አይደለሁም አለቻት፤ የሚነካው ገንዘብ ያዡ ነው። የእሷ ሥራ በካዝና ያለው ከተመዘገበው ጋር መግጠሙን በየዕለቱ ማየት ነው።

"ባይገጥምስ?"

"ያን ዕለት እናገራለሁ።"

"አለቃሽ ዝም በይ ቢልሽስ?"

ልጅቱ አሰበች። ቶሎ ብትመልስ ኖሮ ሴትዮዋ የምታምናት አይመስለኝም።

"እፈራለሁ" አለች። "ግን ለአንቱ እደውላለሁ። ዋሴ አንቱ ከሆኑ፣ ዕዳው የሚመጣው አንቱ ላይ ነው።"

ሴትዮዋ ወደ ባሏ ዞረች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ ብትጮኽ ይሻል ነበር።

"አንተ ለማላውቀው ሰው ሳትነግረኝ ፈረምክ። እኔ ለዘመድህ ነግሬህ እፈርማለሁ። ይኸው ነገርኩህ።"

በማግስቱ ከማለዳ ጀምሮ ጤና ጣቢያው ደጅ ነበርን። ደብዳቤው ተጽፏል፤ ማኅተሙ የኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ኃላፊው ክትባት ለማየት ገጠር ወጥቷል፣ ስልኩ አይሠራም። ዓርብ ደግሞ መሥሪያ ቤት ለምሳ ቶሎ ይዘጋል፣ ዘግይቶም ይከፈታል። ልጅቱ አጥሩን ይዛ መንገዱን ታያለች። ነርሷ በሽተኛ እያየች በየመካከሉ በመስኮት ብቅ ትላለች፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ እሷ ትመለሳለች። ምሳ ሰዓት ሊሞላ ሲል ኃላፊው ጭቃ የለበሰ ሞተር ላይ ሆኖ መጣ። ነርሷ ከሞተሩ ሳይወርድ ነው ነገሩን የነገረችው። ማኅተሙ ደብዳቤው ላይ ሲያርፍ እኔ ድምፁን ሰማሁት።

ሹፌሩ መኪናው እስኪሞላ አልሄድም አለ። የጎደለውን ቦታ ነርሷ ልትከፍል ቦርሳዋን ከፈተች፤ አንድ ነጋዴ ሁለት ጆንያ በርበሬ ይዞ ደርሶ ገላገላት። ሦስታችንም ወደ ደብረ ታቦር ተነሣን።

መሥሪያ ቤቱ ስንደርስ ያ ልጅ እዚያው ወንበር ላይ ነበር። ዛሬ ብቻውን አይደለም፤ ኮት የለበሰ አጎቱ አጠገቡ ተቀምጦ የራሱን የዋስትና ደብዳቤ ጭኑ ላይ አድርጓል። ኃላፊው ሰዓቱን አይቶ አስገባን።

ነርሷ የዋስትናውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ቃል በቃል አነበበችው። ግማሽ ላይ ስትደርስ ብዕሩን አስቀመጠች።

"እኔ የምዋሰው ይህን ሁሉ፣ እሷ የምትቀበለው ይህችን?"

"ጀማሪ ናት" አለ ኃላፊው። በራሱም ያፈረ መሰለኝ። "እኔም በዚህ ነው የጀመርኩት። ደረጃ በደረጃ ይሻሻላል።"

"በስንት ጊዜ?"

ኃላፊው የሚፈረምበትን ቦታ በጣቱ አሳያት። ነርሷ ልጅቱን አንድ ጊዜ አየቻት፣ ብዕሩን አነሣች፣ በየገጹ ፈረመች። ሰኞ ጠዋት ግቢ ተባለች ልጄ።

ስንወጣ አጎትየው ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ሲከት አየሁት። ልጁ ተነሥቶ የልጅ ልጄን ጨበጣት። እንኳን ደስ አለሽ አላት፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሆነሽ ሌላ ማስታወቂያ ከሰማሽ አትርሺኝ አላት።

ደጅ ስንደርስ ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። ነርሷ ወደ መናኸሪያ መንገድ ጀምራ ነበር፤ ማታ ተረኛ ናት። ዞር ብላ "ሰኞ ሥራ ያለው ሰው ምን ያስለቅሰዋል?" አለቻትና ሄደች። የመሳፈሪያዋን እንኳ እንድንከፍል አልፈቀደችልንም።

"እማማ፣ በጥቂት ነጥብ ነው የበለጥኩት" አለችኝ ልጅቱ። "ከኔ ቀድሞ ነው የተመረቀው።"

እጇን ይዤ ወደ ክፍሏ ወሰድኳት። አንድ ቀሚስ ነው ያላት፣ እስከ ሰኞ መታጠብ ነበረበት።