ጎባጣዋ በግ በመለኪያ ቀን

አዋጅ! ጆሮ ያለህ በጆሮህ፣ የሌለህ በጎረቤትህ ስማ! ቁመቷ ከበረት አጥር የማይዘል፣ ሹመቷ አላቢ፣ ግዛቷ አሥራ አንድ በግ የሆነችው ሴት ከዛሬ ጀምሮ እንድትከበር ታውጇል። የሰማ የለም እንጂ።

አራት ዓመት ሙሉ የእያንዳንዷን በግ ወተት ጠዋትና ማታ እየለካች በደብተር ስትጽፍ፣ መንደሩ "በግ ደግሞ እንደ ላም!" እያለ ሲስቅባት ኖሯል። እሷ ግን ከጥሩ ታላቢ የተወለደችውን እያስቀረች፣ መልክ ብቻ ያላትን እየሸጠች፣ መኖውን እያመጣጠነች፣ ግማሽ ሊትሩን በቀን ሊትር ተኩል አደረሰችው። የሁሉም ቁንጮ ጎባጣዋ ናት፤ መልኳ አያምርም፣ ጡቷ አያሳፍርም።

ዛሬ ጎባጣዋ በባለሙያ ፊት ትለካለች። ከማኅበሩ ሰብሳቢ በግ ከበለጠች፣ ወንዱ ልጇ የበግ አርቢዎች ማኅበሩ አውራ ይሆናል። ካነሰች ልጇ ይኮላሻል፤ የአራት ዓመት ልፋት በአንድ ጉጠት!

ማለዳ በረቱን ስትከፍት ጎባጣዋ ተኝታለች። ግራ ጎኗ ተነፍቷል፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ አታመሰኳም።

"ምን አበላሃት?" አለች ባሏን።

"ትንሽ የበቆሎ ዱቄት። ዛሬ እንድታኮራን ብዬ።"

"ትንሽ ስንት ነው?"

"አንድ... ሳፋ።"

እነሆ የባል ጥበብ! አራት ዓመት ሲስቅ ኖሮ፣ ባመነ ማግስት በሳፋ አመነ። እህል በእፍኝ ተጀምሮ በሳምንታት እንደሚጨመር መቶ ጊዜ ነግራዋለች፤ ሆድ ሳይለምደው የገባ እህል እዚያው ቦክቶ ይገድላል።

ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጣ በጠርሙስ ጋተቻት። አስነስታ አንሸራሸረቻት። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ቀረ። ባለሙያው ሊደርስ አንድ ሰዓት አለው። ግማሽ ሰዓት። በመጨረሻ በጓ አገሳች፤ አላቢዋም ተነፈሰች። ነፍሷስ ተረፈች፣ ወተቷ ግን ሸሽቷል።

ባል በጆግ የሌላ በግ ወተት ይዞ መጣ። "ጨምሪበት። ማን ያያል?"

"ይሄ የሷ አይደለም።"

"ሊትር ተኩል እንደምትሰጥ አንቺ የምታውቂው እውነት ነው እኮ! ሰብሳቢው እንኳ የራሱን በግ ከትናንት ጀምሮ አላለባትም፤ ወተቷ ተጠራቅሞ ጡቷ ሊፈነዳ ነው።"

እጇ ተዘረጋ። ጆጉን ያዘች። ውጭ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ተሰማ።

"ደብተሬ ውስጥ አንዴ ውሸት ከገባ፣ ከዚያ ወዲያ የቱን አምኜ የቱን አስቀራለሁ?" አለችና ለውሻው ደፋችው። ውሻው በዚያ ቀን ብቸኛው ተጠቃሚ ነበር።

ባለሙያው መለኪያውን ከፍ አድርጎ አየ። "ሩብ ሊትር።"

"አይ እህቴ፣ ይቺ ናት ጎባጣዋ?" አለ ሰብሳቢው፣ የራሱን አውራ ጥምዝ ቀንድ እያሻሸ። የእሱ አውራ እናት ሁለት ሊትር ሰጥታለች።

"ጋሼ፣ የእርስዎን በግ ነገ ደግማችሁ ለኩ። የኔንም ስትድን ለኩ። ደብተሬ ይኸው።"

"የበግ ይግባኝ!" ሰብሳቢው ሳቀ፤ ሲስቅ ኮሚቴው ሳቀ።

"እትዬ፣ ደንቡ የሚለው የዛሬውን ነው" አለ ባለሙያው፣ ዓይኑን ከደብተሩ እያሸሸ።

ኮሚቴው ድምፅ ሰጠ፤ አምስት እጅ ለቀንድ ወጣ። አኮላሺው ሐሙስ ጠዋት ይመጣል።

አላቢዋ አላለቀሰችም። ገመድ ፈልጋ የጎባጣዋን ጠቦት አንገት አሰረችና በጓሮ በር ወጣች። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አጥር ያለው ጓሮ ካለህ፣ ለአንድ የእርባታ ወቅት ብቻ ጠቦቱን አስጠጋላት፤ ደጅህን ስታንኳኳ ክፈትና፣ እባክህ፣ ቀንዱን ከማየትህ በፊት ደብተሩን እይ...