ሰይድና የላኩኝ እሁድ

ዐረብ አገር፣ ዛልቃ ውስጥ ተቀጥሬ የገባሁበት ቤት የጡረተኛ ካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ቤት ነው። ሁሉም «ሰይድና»፣ በኛ «አባታችን» እንደማለት፣ ይላቸዋል፤ ማዳሜ ታናሽ እህታቸው ናት። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በሚሲዮን ቢሮ ነው፤ ካህናትና መነኮሳትን አፍሪካ ድረስ ሲልኩ፣ ሪፖርታቸውን ሲያነቡ። ራሳቸው ግን አንድም ቀን ሄደው አያውቁም። «እኔ ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ የወንበር ሐዋርያ ነኝ» ይሉኝና ይስቃሉ። ሳቁ ከአንገት በላይ ነበር።

መጀመሪያ ቀን ቁርስ ሳቀርብ፣ እንዳገሬ ልማድ መስቀል ልሳለም ጎንበስ አልኩ። እሳቸው በነሱ ወግ ቀለበት ያለበትን እጃቸውን ዘረጉልኝ። ቀለበት መሳም የት አውቄ! እጃቸውን አልፌ ደረታቸው ላይ ያለውን መስቀል ሳብ ሳደርገው፣ ሰንሰለቱ ሳህኑ ላይ ሊደፋቸው ምንም አልቀረው። ማዳሜ ጮኸች። «ተያት፤ ቢሮ የሚመጣው ሁሉ የሚፈልገው ፊርማዬን ነበር፤ መስቀሌን የፈለገች እሷ ናት» አሏት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት መስቀሉን አውልቀው ይጠብቁኝ ጀመር። ወደድኳቸው።

እኔን የሚያንገበግበኝ እሁድ ነው። የኛ ሴቶች ሲን ኤል ፊል የሚባል ቅርብ ሰፈር ተሰብስበው ያስቀድሳሉ፤ እኔ እንደ ዶሮ ይቆለፍብኛል። «ትጠፊያለሽ» ትላለች ማዳሜ፣ ቁልፉን ኪሷ እየከተተች።

ሰይድና አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ፣ በኛ ሆሳዕና ጠዋት ሾርባ ሳጠጣቸው እህታቸውን ጠሩ።

«ቁልፉን ስጫት።»

«ብትጠፋስ?»

«ኸላስ፣ በቃ! ስንቱን ባሕር አሻግሬ ስልክ ኖሬ፣ ይቺን ሲን ኤል ፊል መላክ ያቅተኝ?» ወደኔ ዞሩ። «ስትመለሺ ሪፖርት እፈልጋለሁ።»

ከቅዳሴ በኋላ ከሴቶቹ አንዷ እጄን ያዘችኝ። «እዚሁ ቅሪ፣ ያኒ አትመለሺ፤ ክፍል አለን።» ልቤ ከጀለ፤ አልዋሽም። ግን እኚያ ሽማግሌ በር በሩን እያዩ እንደሚጠብቁኝ ታየኝ። ተመለስኩ።

አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስብከቱን፣ እልልታውን፣ ቅሪ ያለችኝን ሴት ሳይቀር።

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ሪፖርቱን ማን ያምጣልዎት?»

ወርቁ ቀለበት ከከሳ ጣታቸው ወልቆ ኮሞዲኖው ላይ ተቀምጧል። ከቅዳሴ ያመጣሁትን የዘንባባ ቀለበት ከጣቴ አውልቄ አጠለቅኩላቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም እጃቸውን ሳምኩ። አለቀሱ።

ማዳሜ ስትገባ ቁልፉን ዘረጋሁላት። የወንድሟን ጣት አየችና ቁልፉን ወደኔ ገፋችው።

«ያዢው» አለችኝ። «እሁድ እንደገና ይልክሻል።»